ፓምፑን ከማመናችን በፊት ውሃውን እንመዝን

አንድ ፈሳሽ በደቂቃ ጥቂት ማይክሮ ሊትር ብቻ እየፈሰሰ ለሰዓታት ሳይቋረጥ እንዲቆይ ቢፈለግ፣ የሰው እጅ ይህን ሊፈጽም አይችልም። በቢዩሬት ጠብታ የቆጠረ ተማሪ ሁሉ ይህን ይረዳዋል። ለዚህ ተግባር የሚያገለግለው በፕሮግራም የሚታዘዘው የስሪንጅ ፓምፕ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ አሠራሩ ጥቂት ካልን በኋላ አንድ አቋማችንን ለማካፈል እንወዳለን፦ ይህ ፓምፕ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ሳይሆን ተማሪ ፈትቶ የሚገጥመው መሣሪያ ሊሆን ይገባል።

የመሣሪያው ምስጢር ረቂቅ አይደለም። ስቴፐር የተባለው ሞተር አንድ ሙሉ ዙር የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ በ200 እኩል እርምጃዎች ነው። ሞተሩ ረጅም ብሎን ያዞራል፤ በብሎኑ ላይ ያለው ዳዶ የስሪንጁን ገፊ ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል። ብሎኑ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ቢሆን፣ አንድ እርምጃ 0.005 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የስሪንጁ የውስጥ ዲያሜትር 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚወጣው ፈሳሽ 0.77 ማይክሮ ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር ለማፍሰስ ሞተሩን ወደ 1300 እርምጃ ማዘዝ ይበቃል። ፕሮግራሙ የሚሠራው ይህንኑ ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ ፓምፑ የሚያውቀው እርምጃውን እንጂ ፈሳሹን አይደለም። ለዶክትሬት በውጭ አገር በምንማርበት ወቅት ይህን በኪሳራ ተምረነዋል። ስሪንጁን በሌላ ፋብሪካ ምርት ተክተን፣ የሚይዘው መጠን አንድ ስለሆነ ዲያሜትሩም አንድ ነው ብለን አለፍን። መጠኑ የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ነውና፣ የ5 በመቶ ልዩነት በፈሳሹ ላይ የ10 በመቶ ገደማ ስህተት ያስከትላል። በስክሪኑ ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን ምንም ሳይዛነፍ ያበራ ነበር። የሦስት ሳምንት ውጤት ጣልን።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አየን። በአንድ ተቋም መጋዘን ውስጥ ሞተሩ ደኅና የሆነ ፓምፕ፣ የስሪንጅ መያዣው ስለተሰበረ ብቻ ፕላስቲክ ለብሶ ተቀምጦ አገኘን። «ከነካነው ይበላሻል» የሚል ፍርሃት ከብልሽቱ ይልቅ ጎድቶት ነበር። መሣሪያውን ያለ ጥያቄ ማመንም ሆነ ያለ ምክንያት መፍራት ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውስጡን አለማወቅ።

መድኃኒቱም ከአቅማችን በላይ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማንም ሊሠራው የሚችል የስሪንጅ ፓምፕ ንድፍ ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ስቴፐር ሞተር ከብዙ አሮጌ ፕሪንተሮች ውስጥ ይገኛል፤ መያዣውንም የእንጨት ወይም የብረት ባለሙያ ሊቀርጸው ይችላል። እርግጥ ነው፣ በእንዲህ ያለ ፓምፕ ለሕመምተኛ መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ የሐኪም ቤቱ ፓምፕ የአየር አረፋንና መዘጋትን የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። እንዲሁም በጣም ዝግ ባለ ፍሰት ላይ የሞተሩ እርምጃ ፈሳሹን ሊያንዘፈዝፈው፣ በብሎኑና በዳዶው መካከል ያለው ክፍተትም አቅጣጫ ሲቀየር ሊያሳስት ይችላል። እኛ ግን እነዚህን እንከኖች የምናያቸው እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ትምህርት ነው።

ስለዚህ መምህራን ባልደረቦቻችን የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ በዚህ እንዲጀምሩ እናሳስባለን፦ ተማሪው ፓምፑን 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዘዘውና የወጣውን ይመዝን። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሚዛኑ 4.99 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት። ካላሳየ፣ ምክንያቱን ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ፊዚክስ ያስተምራል። ተማሪዎችም ብትሆኑ መምህሩ እስኪያዛችሁ አትጠብቁ፤ ሚዛኑን ጠይቁ።