በቤት ስለሚከማቹ መጻሕፍት

በሃያብለ መጻሕፍትን በቤቱ የሚሰበስብ ሰው ደስታውን በድካም ይገዛል። ማታ እጅን ዘርግቶ የወደዱትን መጽሐፍ ማውረድ፣ ገንዘብ ሲቆጥር ለዋለ ነጋዴም፣ ማመልከቻ ሲመረምር ለዋለ ሹምም ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን የባሕሩ እርጥበት ወረቀቱን ያሻግታል፤ ሙቀቱም የጥራዙን ሙጫ ያላቅቃል። በሣጥን ቆልፎ መተው ለሻጋታና ለብል አሳልፎ መስጠት ስለ ሆነ፣ ከግድግዳው አራርቆ መደርደርና አልፎ አልፎ በጥላ ሥር ገልጦ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ከብልም የከፋው ተውሶ የማይመልስ ወዳጅ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. ካታሎግ አሳትመዋል። ለአገር የተደረገው ለአንድ ቤት አይበዛም። ዱቤውን ሳይመዘግብ የማያድር ነጋዴ መጽሐፉንስ ስለ ምን በቃል ብቻ ያውሳል? በመደርደሪያው ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ተዋሹም ስሙንና ቀኑን ጽፎ ቢፈርምበት ነውር የለውም።