የታታር ቀንበር ወይስ የሞስኮ ከረጢት?

«ሩስያ አምባገነን የሆነችው ሞንጎሎች ስለገዟት ነው።» ከ2022ቱ የዩክሬን ወረራ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን አባባል ከቴሌቪዥን ተንታኞች እሰማዋለሁ፤ በተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይም አነበዋለሁ። የሚያሳዝነው ግን የታሪክ ዲግሪ የያዙ ባልደረቦቼም ሲደግሙት ነው። ካርል ማርክስ ሳይቀር በ1856 እና በ1857 ባሳተማቸው መጣጥፎች ሞስኮን የሞንጎል ባርነት ልጅ አድርጎ ሥሏታል። ታላቅ ሰው ስለተናገረው ግን ስሕተት እውነት አይሆንም።

ግፉን አልክድም። የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ባቱ በ1237 ሪያዛንን፣ በ1240 ኪየቭን አወደመ። ሩስያውያን ዘግይተው «ወርቃማው ጭፍራ» ያሉት መንግሥት የቆመው በዚያ ደም ላይ ነው። ይሁንና መንግሥት ነበር፤ በቮልጋ አጠገብ ሳራይ የተባለ ዋና ከተማ ነበረው፣ ሕዝብ ይቆጥር፣ ግብር ያስገብር ነበር። ካኖቹ የሩስን መሳፍንት በየዙፋናቸው ትተው ያርሊክ የተባለ የሹመት ደብዳቤ ይሰጧቸው ነበር። ዛሬ «ቀንበር» እያሉ የሚያማርሩ ካህናት በ1267 መንጉ ቲሙር ቤተ ክርስቲያናቸውን ከግብር ነጻ እንዳወጣ ሲናገሩ አልሰማሁም።

አምባገነንነቱ ከካኑ የመጣ ከሆነ ኖቭጎሮድን እንዴት እናድርጋት? ባቱ አልደረሰባትም ይሉኝ ይሆናል፤ ግብሩን ግን ከፍላለች። ግብር ከፋይ ሆና ሳለ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በደወል በሚጠራ ሸንጎ ስትመክር፣ መስፍን ስታስመጣና ስታባርር ኖራለች። በ1257 የሞንጎሎችን የሕዝብ ቆጠራ አንቀበልም ባለች ጊዜ እምቢ ባዮችን አፍንጫ ያስቆረጠው፣ ዓይን ያስወጣው ማን ነበር? የታታር መኮንን እንዳይመስላችሁ፤ ኋላ በ1547 ቅዱስ ተብሎ የተሰየመው አሌክሳንደር ኔቭስኪ ነው!

የሞስኮው ኢቫን ደግሞ አለ፤ ቅጽል ስሙ «ካሊታ»፣ ማለትም የገንዘብ ከረጢት። በ1327 የትቬር ሕዝብ በካኑ እንደራሴ ላይ በተነሣ ጊዜ ኢቫን ከኡዝቤክ ካን ጦር ጋር ዘምቶ የራሱን ወገን ከተማ አስጠፋ። ለውለታው የታላቅ መስፍንነት ማዕረግና ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አገኘ። ሞስኮ የከበረችው በዚህ ከረጢት ነው። ካኑ መሣሪያውን አቀረበ እንበል፤ እጁ ግን የአገር ልጅ እጅ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ የሚጭን ታሪክ የሚጠቅመው ይህን እጅ ነው፤ የካሊታ ልጅ ልጆች ከረጢቱን ወርሰው ስለ ቀንበሩ ቢያለቅሱ ምን ይገርማል!

የኖቭጎሮድን የሸንጎ ደወል አውርዶ ወደ ሞስኮ የወሰደው ታታር አይደለም፤ በ1478 ኢቫን ሦስተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ኢቫን በኡግራ ወንዝ ዳር ከአሕመድ ካን ጦር ጋር ተፋጠጠ፤ ካኑም ወሳኝ ጦርነት ሳይገጥም ተመለሰ። የመማሪያ መጻሕፍቱ 1480ን የነጻነት ዓመት ይሏታል። የሞንጎል ውርስ ነው ባዮች በዚያ ዓመት ከኖቭጎሮድ ሰው ፊት ቆመው ይህንኑ ቢያነቡለት ምን እንደሚመልስላቸው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።