ስምንት ነፍስ ወደ ፉጣ



ወደ ገዳማችን ከሚመጡ ተሳላሚዎች መካከል ስለ መንገድ ጸሎት እንዲደረግላቸው የሚጠይቁት ብዙዎች ናቸው። ቀድሞ ልመናው ስለ አንድ ሰው ነበረ፤ «ልጄ ዓረብ አገር ልትሄድ ነውና አስቧት» ይባላል፣ የክርስትና ስሟ ይጻፋል፣ እናቲቱም ጸበል ጠጥታ ትመለሳለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ስድስትና ሰባት ስም ተደርድሮ ይመጣል፦ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አያት፣ አንዳንድ ጊዜም የሟች እኅት ልጅ። «ሁላችንም ልንሄድ ነው፤ ኑሯችንን እዚያው ልናደርግ ነው» ይላሉ። በእንግዳ ማረፊያችን እንዲህ ያለ ወረቀት ስለ በረከተ፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ቤተ ዘመድ ስደት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ቤተ ዘመድ በአንድ ቀን፣ በአንድ አውሮፕላን ሲሰደድ እምብዛም አይታይም። የአገራችን ሰው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄደው እንደ መቍጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ነው። በመጀመሪያ ታላቂቱ እኅት ለቤት ሠራተኝነት ትሄዳለች። የሁለት ዓመት ውሏን ስትፈጽም ለታናሿ መንገድ ትፈልጋለች፤ ታናሺቱ ለአክስቷ ልጅ ትፈልጋለች። ከወሎና ከራያ የሚነሡ ወንዶች ደግሞ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ የመንን በእግር አቋርጠው የሄዱ ብዙ ናቸው፤ በመንገድ የቀሩትንም ቤታቸው ያውቃቸዋል። በዚህ ዓይነት በዐሥርና በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የአንድ አያት ልጆችና የልጅ ልጆች ግማሽ ያህሉ በባዕድ አገር ይሰበሰባሉ፤ ሆኖም በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሉም።

የተሰበሰበውም ሲበተን ታይቷል። በጥቅምትና በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማስወጣት ሲጀምር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሪያድ መንፉሐ ሰፈር ብጥብጥ ተነሥቶ የወገን ሕይወት ጠፋ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ተመለሱ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የምሕረት ጊዜ ታውጆ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት የተመለሱት ከ200 ሺህ በላይ ሆኑ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለመመለስ ተስማሙ። ከእነዚህ ተመላሾች ብዙዎቹ ዳግመኛ ሄደዋል። ይህን ሁሉ አይተው ዛሬ «ሁላችንም» የሚሉት ሰዎች የዋሆች አይደሉም። መለያየቱ ስለ መረራቸው ነው እንዲህ የሚሉት፤ እንደ እኛ አስተያየትም ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም።

ከጥምቀት በዓል በኋላ የመጡ አንዲት አዛውንት ያመጡት ወረቀት ስምንት ስም ነበረበት። ልጃቸው በሪያድ ከተማ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራል። ፉጣ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሚስቱን፣ አራት ልጆቹን፣ እናቱን፣ እንዲሁም ከእናቱ ጋር የምታድገውን የ13 ዓመት የሟች እኅቱን ልጅ ሊወስድ አስቧል። «አባቴ፣ ፉጣ የሚሉት አገር እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛ በእግራችን አልረገጥነውም፤ ሆኖም ከዚያ የሚመጡ ተሳላሚዎች ብዙ ነግረውናል።

ፉጣ በአሮጌው ሪያድ መካከል ያለ ሰፈር ነው። በዚያ ቀይ ቤተ መንግሥት የሚባለው ሕንጻ ይገኛል፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1940ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ለነበረው ለልጃቸው ለሳዑድ ያሠሩት ነው። ኋላም የአገሪቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተቀምጦበታል። ዛፍ ያለበት መናፈሻና ከሩቅ የሚታይ የውኃ ማማ አለ። ከዚያ ወደ ደቡብ የበጥሐ ገበያ ይገኛል፤ ከብዙ አገር የመጡ ሠራተኞች የሚገበያዩበት፣ ለየአገራቸው ገንዘብ የሚልኩበት ነው። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፍልሰታን በዚያ የጾመ ሰው ጾሙን የሚያስታውሰው በረኀቡ ሳይሆን በጥሙ እንደሆነ አንድ ተሳላሚ አጫውቶናል። ርቀቱ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓታችንም አንድ ነው። ስለዚህ በዚህ ሲመሽ በዚያም ይመሻል፤ አያት ለልጅ ልጇ በስልክ «ደኅና እደር» ስትል በሁለቱም ቤት ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ስለ ስደት የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው ከእርሱ ጋር ስለሚኖር ስለ እያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በየወሩ ግብር ይከፍላል። በመጀመሪያው ዓመት በነፍስ ወከፍ 100 ሪያል ነበረ፤ በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2012 ዓ.ም. ክረምት 400 ሪያል ደረሰ። የመሐንዲሱ ሚስትና አራት ልጆቹ አምስት ናቸው፤ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ሪያል ማለት ነው። ይህ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤትና የምግብ ወጪ ሳይጨመርበት ነው። ግብሩ በወጣባቸው ዓመታት ብዙ አባቶች ሚስትና ልጆቻቸውን ወደየአገራቸው መልሰው ብቻቸውን የቀሩት ስለዚህ ነው። ደመወዝ ትልቅ መስሎ የሚታየው የአንድ ሰው ደመወዝ ሆኖ ሲታይ ነው፤ ለስድስት ሲከፋፈል መልኩ ይለወጣል።

ከገንዘቡም የሚከብድ አለ። እኛ «ቤተሰብ» ስንል ማንን እንደምንቈጥር ታውቃላችሁ። አያት ከቤተሰብ ውጭ አይደለችም፤ የሟች እኅት ልጅም ልጅ ናት፤ በአንድ መሶብ የበላ ሁሉ ቤተሰብ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማለትም ኢቃማው፣ ግን ቤተሰብ የሚለው በዋናነት ባልን፣ ሚስትንና ልጆችን ነው። ያም ቢሆን ሙያው ከተፈቀደለት ሠራተኛ ጋር ብቻ ነው፤ የቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት ባሏንና ልጆቿን ማስመጣት አትችልም። ለወላጅ በአብዛኛው የሚገኘው የጉብኝት ቪዛ ነው፤ ይኸውም ቀን አለው። የእኅት ልጅ ግን በዚህ መዝገብ ቦታ የላትም። ስለዚህ በአዛውንቷ ወረቀት ላይ ከነበሩት ስምንት ስሞች፣ መንግሥቱ እንደ ቤተሰብ ሊቀበላቸው የሚችለው ስድስቱን ነበር። ይህን ስንነግራቸው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲህ ልጅቱን ማን ወለዳት ሊሉ ነው?» አሉን። ምን እንመልስ?

ስድስቱም ቢሆኑ የሚንጠለጠሉት በአንዱ ሰው ውል ላይ ነው። የሠራተኛው ፈቃድ ከአሠሪው፣ በዚያ አገር አጠራር ከከፊሉ፣ ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲያበቃና ሌላ አሠሪ ሳይገኝ ሲቀር የሚስትና የልጆች ፈቃድም አብሮ ያበቃል። በዚያ የተወለደ ልጅ የአገሬው ዜግነት አይሰጠውም፤ ሃያ ዓመት ቢኖር እንግዳ ነው። በእኛ ሕግ፣ በአዋጅ ቍጥር 378/1996፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ የት ኢትዮጵያዊ ነው። ሆኖም ወረቀቱ ኢትዮጵያዊ ያደረገው ልጅ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ካጣ ችግሩ ገና አልተፈታም።

በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ እሑድም የሥራ ቀን ነው። ምእመናኑ በየቤታቸው ይጸልያሉ፤ ከንስሐ አባቶቻቸው ጋር በስልክ ይገናኛሉ። ስለዚህ ልጅ ስለ በዓል የሚያውቀው ቤት ውስጥ ያየውን ያህል ነው። በሪያድና በጅዳ ኢትዮጵያውያን የሚረዳዱባቸው የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ልጁን «ና ቡና አቅርብ» የምትለው፣ ተረት የምታወራለት፣ በስሙ ትርጕም የምትቈጣው አያት በትምህርት ቤት አትገኝም። ቤተ ዘመድን ከአያት ቈርጦ መውሰድ ምን ያህል እንደሚያጎድል የሚታየው በዚህ ነው።

ነገሩ በተገላቢጦሽ የሆነበትንም ዘመን እናስታውስ። በ615 ዓ.ም. ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በመካ ስደት የደረሰባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ አገር መጥተው ነበር። በሁለተኛው ጉዞ የመጡት ከ80 የሚበልጡ ወንዶች፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር እንደ ነበሩ የእስልምና ታሪክ ጸሓፊዎች ይተርካሉ። የመጨረሻዎቹ የተመለሱት በ628 ነው፤ 13 ዓመት በአገራችን ኖረዋል ማለት ነው። የጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ሦስት ወንዶች ልጆች የተወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ከተመለሱት መካከልም በሐበሻ የተወለደች አማህ የተባለች የኻሊድ ልጅ ነበረች። ነቢዩ ጌጠኛ ልብስ አልብሰዋት፣ በሐበሻ ቋንቋ ያማረ መሆኑን እንደ ነገሯት በትውፊታቸው ይነገራል። ቃሉ ከግእዙ «ሠናይ» ጋር የተቀራረበ ነው። ሕፃኒቱ ወደ ወላጆቿ አገር ስትመለስ በልጅነቷ የለመደችውን አንድ ቃል ከትልቅ ሰው አፍ መስማቷ ምን እንደ ሆነላት ስደተኛ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ይህን ለአዛውንቷ ብናጫውታቸው ሣቁና፣ «እኔም እንግዲህ ከልጆቹ ጥቂት ዓረብኛ ልማራ» አሉ።

በቤቱ የቀረው ጥያቄ የመሬቱ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ገበሬ ቤተሰብ እንደ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ ዋጋውን በኪሱ ይዞ መሄድ አይችልም። እርሻውን ለጊዜው ሊያከራይ፣ የእኩል ሊሰጥ ይችላል፤ ድንበሩን የሚጠብቅ፣ በስብሰባ የሚገኝ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ግን ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ ዕድርና ማኅበር አለ፤ የሄደ ሰው ወርኀዊውን በስልክ ሊልክ ይችላል፣ ለቀብር ግን በስልክ አይቆምም። «ሁላችንም» የሚለው ቃል የሚሰበረው በዚህ ቦታ ነው። ሁሉ እንዲሄድ አንድ የሚቀር ያስፈልጋል፤ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ነው። እኛን ቅር የሚያሰኘን ይኸው ነው። አያት «ቤት ጠባቂ» ተብላ ስትቀር፣ ፈቅዳ ነው ወይስ ተቈጥሮባት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኒህ እናት ግን ተጠየቁ። ልጃቸው ለዐቢይ ጾም መግቢያ በዓመት ፈቃዱ መጥቶ በእንግዳ ማረፊያችን ሁለት ሌሊት ከእናቱ ጋር አደረ፤ በመካከላቸው የተባለውን ሁሉ መጻፍ አይገባንም። የተስማሙበት ይህ ነው፦ ሚስቱና ሦስቱ ታናናሽ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ በሐምሌ ይሄዳሉ፤ ግብሩም በወር 1,600 ሪያል ይሆናል። ታላቁ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን እስኪወስድ ከአያቱ ዘንድ ይቈያል። የእኅት ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖራለች፤ የትምህርቷ ወጪ ከፉጣ ይላካል፤ ይህም በሽማግሌ ፊት በወረቀት ሰፍሯል። አዛውንቷ በጉብኝት ቪዛ የሚሄዱት ከመኸር በኋላ፣ እርሻው ሲሰበሰብ ነው። የጸሎቱን ወረቀት እናስተካክል ብንላቸው እንቢ አሉ፤ ስምንቱ ስም እንዳለ በመዝገባችን አለ።

ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ሁሉ ስለ ወረቀት ጥቂት ስሙን። የልደት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙውን ጊዜ ለማስረጃ የሚነሡት ከጥምቀት ምስክር ወረቀት ነው። ሁለት ነገር ያደናቅፋል። አንደኛው ስም ነው። በእኛ ልማድ ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ልጆች በአባታቸው፤ አያትም በአባቷ። በባዕድ አገር ቢሮ የተቀመጠ ሰው የአምስቱን ፓስፖርት ሲዘረጋ አንድ የሚያደርጋቸው የቤተሰብ ስም አያገኝም፤ ስለዚህ የጋብቻና የልደት ማስረጃው ተተርጕሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ መያዝ አለበት፤ «ወልደ» እና «ገብረ» ያለባቸው ስሞችም በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፉ። ሁለተኛው ዘመን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲመለስ 7 ዓመት ይጨመርለታል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ደግሞ 8። በኅዳር 2005 የተወለደ የ2012 ልጅ ነው፤ በጥር 2005 የተወለደ የ2013። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በ8 የሚያሰሉ ጸሓፊዎች ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሱታል፤ ለትምህርት ቤትም ለኢቃማም ጣጣ ያመጣል። በገዳማችን የተጠመቃችሁና ማስረጃ የምትፈልጉ፣ የተጠመቃችሁበትን ዓመት፣ የክርስትና አባት ወይም እናታችሁን ሙሉ ስም ይዛችሁ ኑ፤ መዝገቡ የሚገለጠው በእነርሱ ስም ጭምር ነው።