ከቀብር በፊት የሚደርስ ሕግ

ይድረስ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ኃላፊዎች፤



ታናሽ እህቴን ባሏ ገደላት። የዘንድሮን ፍልሰታ ለቅሶ ተቀምጠን አሳለፍን። ገዳዩ ታስሯል፤ መርማሪውም ዐቃቤ ሕጉም ሥራቸውን ይዘዋል። እኔ የምጽፍላችሁ እሷ በሕይወት ሳለች ስለነበረው ጊዜ ነው።

ፊቷ አብጦ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄጄ ነበር። ተረኛው ቀና ብሎ አያትና «የተሰበረ ነገር አለ?» አላት። የለም ስትለው «የልጆችሽ አባት አይደለም እንዴ፤ በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ ሸኘን። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፣ ባሏ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ ቡና ተፈላ፣ እሷም ወደ ቤቷ ገባች። በዚያ ሰሞን የ9 ዓመት ልጇ ማታ ማታ የሽንኩርት መክተፊያውን ቢላዋ ዱቄቱ ውስጥ ትቀብረው ኖሯል። ያወቅነው ከሞቷ በኋላ ዕቃ ስናነሳ ነው። ሽማግሌው ሁሉ «ይታረማል» ሲል፣ የሚመጣው የታያት ሕፃኗ ነበረች።

ሕግ የለም አልልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መጉዳት ወንጀል ነው ይላል። ቅጣቱን ግን ከአካል ጉዳት አንቀጾች ይዋሳል፤ ስለዚህ የሚታየው የቁስሉ መጠን ነው። ዛቻው፣ ደመወዟን መቀማቱ፣ ከዘመድ መለየቱ የት ይመዝገብ? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዳኛው አንደኛውን ተጋቢ ከቤት እንዲያስወጣ ይፈቅዳል፤ ይህም የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ለመፋታት ገና ያልቆረጠች፣ ግን ዛሬን ማደር የምትፈልግ ሴት ምን ታድርግ? «እዚህ ደጅ እንዳትደርስ» የሚል የጥበቃ ትእዛዝ በዕለቱ የምታገኝበት ሕግ የላትም። ኡጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ለዚህ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥተዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ስለመገደቡ መጻፍ እንኳ ያመኛል።

ልጆቹስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከጭካኔ ቅጣት ይጠብቃል፤ ስለ ቤታቸው ግን ዝም ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ አሳዳጊን፣ ከባድ ጉዳት ካልደረሰ፣ ቢበዛ በ3 ወር ቀላል እስራት ይቀጣል። እናቷ ስትደበደብ ቆማ ያየችው ልጅ በየትኛውም አንቀጽ ተጠቂ ተብላ አልተጠራችም።

ሽማግሌ የሚከበርበት ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም አከብራለሁ። ነገር ግን ደብዳቢና ተደብዳቢ እኩል ተጣዪዎች አይደሉም፤ እርቅም ጥበቃን አይተካም።

ስለዚህ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ አውጡልን። ዳኛ በአቤቱታው ዕለት ትእዛዝ ይስጥ፤ ልጆቹም ይካተቱበት፤ የጣሰው ወዲያው ይያዝ። ፖሊስም ተጠቂዋን ወደ ሽማግሌ እንዳይመልስ በግልጽ ይከልከል። ረቂቁን ማን እንደሚያዘጋጀውና መቼ ለምክር ቤቱ እንደሚቀርብ በጽሑፍ መልሱልኝ።

የሟች ታላቅ እህት