388 ለ1

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1941 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበለት፤ በግዳጅ የተመለመሉት ወታደሮች የአገልግሎት ጊዜ ይራዘም ወይስ አይራዘም? ውጤቱ 203 ለ202 ሆነ። ሂትለር አብዛኛውን አውሮፓ በእጁ አስገብቶ፣ ጃፓን ቻይናን መውጋት ከጀመረች አራት ዓመት አልፏት፣ አሜሪካ ሠራዊቷን ላለመበተን የወሰነችው በአንዲት ድምፅ ብልጫ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 8፣ ያው ምክር ቤት በጃፓን ላይ ጦርነት ለማወጅ ተሰበሰበ። 388 ለ1። በሴኔቱ ደግሞ 82 ለ0።

በሁለቱ ውጤቶች መካከል የገባው አንድ የእሑድ ማለዳ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ከሰጠ ገና ዐሥር ቀኑ ነበር።

በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሁለት ወታደሮች ራዳር ላይ ተረኞች ነበሩ። ተራቸው የሚያበቃው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቢሆንም ለቁርስ የሚወስዳቸው መኪና ስለዘገየ መሣሪያውን ሳያጠፉት ቆዩ። ብዙም ሳይቆይ ከሰሜን በኩል፣ አይተውት የማያውቁት ብዛት ያለው የአውሮፕላን ምልክት ታያቸው። ደውለው አስታወቁ። ስልኩን የተቀበለው መኮንን ግን ከካሊፎርኒያ ይመጣሉ የተባሉት የራሳቸው ቦምብ ጣዮች መስለውት አታስቡ አላቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የደሴቲቱ የባሕር ኃይል ወደብ፣ ፐርል ሃርበር፣ በእሳት ተያያዘ። ከ350 በላይ የጃፓን አውሮፕላኖች በሁለት ዙር ደበደቡት። 2,403 አሜሪካውያን አለቁ፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,177ቱ አሪዞና በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የነበሩ ናቸው።

ጥቃቱ ድንገተኛ ሆነ እንጂ ጠቡስ ድንገተኛ አልነበረም። በዚያው ዓመት ክረምት ጃፓን ወደ ደቡብ ኢንዶቻይና ስትገባ አሜሪካ የጃፓንን ገንዘብ አገደች፤ ነዳጅም ከለከለቻት። አብዛኛውን ነዳጇን የምትገዛው ከዚያችው ከአሜሪካ ነበር። የቶኪዮ ጄኔራሎች ጎተራቸው ሳይራቆት የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ የነዳጅ ጉድጓዶች ለመያዝ ቆረጡ። መንገድ ላይ የሚያሰጋቸው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበርና እሱን በአንድ ምት ሽባ ካደረግነው አሜሪካኖች ተስፋ ቆርጠው ይደራደሩናል አሉ። ጥቃቱን ያቀደው አድሚራል ያማሞቶ ራሱ በዚህ ስሌት ልቡ አልተሞላም። አሜሪካ ተምሯል፣ ኖሯል፤ ለመጀመሪያው ስድስት ወር ወይም ዓመት እንጂ ከዚያ በኋላ ላለው ዋስትና እንደማይሰጥ አስቀድሞ ተናግሯል። በስድስተኛው ወር በሚድዌይ የባሕር ውጊያ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመቱት ስድስት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አራቱን አጣች።

የዚያን ማለዳ አብራሪዎች ሳይመቷቸው የቀሩትን ነገሮች የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ይዘረዝራሉ፦ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎቹ፣ የመርከብ መጠገኛዎቹ፣ ወደብ ላይ ያልነበሩት የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚዎች። እኔን የሚገርመኝ ግን አንድም ቦምብ ሳይጣልበት የወደመው ነገር ነው። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ አትግባ የሚለው ወገን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አባል የነበረው ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ከጥቃቱ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በራሱ ፈቃድ ፈረሰ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በስንት ንግግር ያልቻለውን ጃፓኖች በሁለት ሰዓት ሠሩለት። ተከፋፍሎ የሚከራከርን ሕዝብ ደካማ ነው ብሎ በድንገት የሚመታ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ያንን ሕዝብ አንድ የሚያደርገው ራሱ ነው።

አንድነቱ ግን ዋጋ አለው። የዲሴምበር 8ቷ አንዲት የተቃውሞ ድምፅ የሞንታናዋ ጃኔት ራንኪን ነበረች፤ ለአሜሪካ ኮንግረስ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት። በ1917ም ጦርነት ይታወጅ ሲባል አይሆንም ብላ ነበር፤ ያኔ ግን ሃምሳ ሆነው ነው። አሁን ብቻዋን ናት። ለመናገር ብትነሣም አፈ ጉባኤው ዕድል አልሰጣትም። ባልደረቦቿ ድምፅሽን ለውጪ ብለው ለመኗት፤ እምቢ አለች። ስብሰባው ሲያበቃ የተቆጣው ሰው ስለከበባት ስልክ መደወያ ክፍል ገብታ በሯን ዘጋች፤ ፖሊሶች መጥተው አጅበው አወጧት።

በጦርነቱ ጉዳይ ራንኪን ተሳስታለች ብዬ አምናለሁ። ወደቡ እየነደደ፣ ሙታኑ ገና ሳይቀበሩ፣ የተመታ አገር እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም። ነገር ግን ለእሷ አምስት ደቂቃ የነፈገው ምክር ቤት በቀጣዮቹ ወራትም አፉን እንደዘጋ ቀረ። በፌብሩዋሪ 1942 ሩዝቬልት በፈረመው ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በአጥር ወደታጠሩ ካምፖች ተጋዙ። ከሦስቱ ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። መንግሥት በሕግ ይቅርታ የጠየቀውና በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ የቆረጠው በ1988 ነው። አርባ ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ከፐርል ሃርበር ስልሳ ዓመት ቆይቶ ታሪኩ ተደገመ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሦስት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይል ፈቃድ ሲሰጥ ውጤቱ 420 ለ1 ሆነ። ብቸኛዋ ተቃዋሚ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ነበረች፤ የግድያ ዛቻ ስለጎረፈላት ጠባቂ ተመደበላት። የ1941ዱ አዋጅ ጠላቱን በስሙ ጠርቷል። የ2001ዱ ፈቃድ የአንድም አገር ስም የለበትም፤ የሚያበቃበት ቀንም የለውም። ሊ ያስጠነቀቀችውም ይህንኑ ነበር። የአፍጋኒስታኑ ጦርነት ሃያ ዓመት ፈጀ፤ ያው ፈቃድ በየመንና በሶማሊያ ለተካሄዱ ዘመቻዎች ሁሉ መጠቀሻ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

በድንገት የተመታ አገር መከላከሉ መብቱ ነው፤ በዚህ የሚከራከር ብዙ ሰው የለም። ማነው የመታን፣ እስከ የት እንሄዳለን፣ መቼስ እናቆማለን የሚሉት ጥያቄዎች ግን መነሣት ያለባቸው በዚያው በቁጣው ቀን ነው፤ ደም ከፈሰሰና ስንቅ ከተጫነ በኋላ የሚመልሳቸው አይገኝም። ጠያቂው መጨረሻ ላይ በድምፅ ይሸነፍ ይሆናል፤ ይሸነፍ። ከመናገሩ በፊት ባንዳ ብሎ አፉን የሚያስይዝ አገር ግን ጠላቱ ካደረሰበት ጉዳት ላይ በገዛ እጁ ሌላ ይጨምራል።