የጠጣ አብራሪና የእስር ቅጣት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ከሜልቦርን ወደ ቶኪዮ ናሪታ ሊበር የነበረ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ከሦስት ሰዓት በላይ ዘገየ። ሰበቡ የአየር ጠባይም የሞተር ብልሽትም አልነበረም። ሁለት አብራሪዎች በዋዜማው ከመመሪያው በላይ ጠጥተው ነበር፤ የጠጡትንም መጠን ደብቀዋል። አየር መንገዱ አሰናበታቸው፤ የጃፓን መንግሥትም ኩባንያውን አስጠነቀቀ።

ጉዳዩ አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል። ጠጥቶ ለበረራ የሚቀርብ አብራሪ ሊታሰር ይገባልን?

የአውስትራሊያ ሕግ ከበረራ በፊት ባሉት ስምንት ሰዓታት መጠጣትን ይከለክላል፤ በትንፋሽ ምርመራም 0.02 የደረሰ አብራሪ ከሥራው ይታገዳል። የስምንት ሰዓቱን ደንብ መጣስ የሚያስከትለው ቅጣት ግን የገንዘብ መቀጮ ነው። እስራት የሚመጣው የሰው ሕይወትን በቸልታ ለአደጋ ማጋለጡ ሲረጋገጥ ነው። እንግሊዝ መስመሩን እዚያው ላይ አስምራ፣ በ2003 ባወጣችው ሕግ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ደንግጋለች። መንገደኛውን ከፉትስክሬይ ወደ ተላማሪን የሚያደርሰው የታክሲ ሾፌር የሚፈቀድለት መጠን ዜሮ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ለአብራሪው መቀጮ ብቻ መመደቡ ቢያስገርመው አይፈረድበትም።

ይሁንና እስራት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2018 የዚሁ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለንደን ሂትሮው ላይ ተይዞ አሥር ወር ተፈርዶበታል። ዜናው ዓለምን አዳርሷል። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን የሜልቦርኑ ጉዳይ ተከተለ። አንድ ምሳሌ ሁሉን ባያረጋግጥም፣ ሰው የሚፈራው የቅጣቱን ብርታት ብቻ ሳይሆን የመያዙን እርግጠኝነት ጭምር መሆኑን ያስታውሳል። ቪክቶሪያ በ1976 ሾፌሮችን በዘፈቀደ በትንፋሽ መመርመር የጀመረችው በዚሁ እምነት ነው።

አቪዬሽኑ ዘግይቶ ተከተለ። በ2002 በሃሚልተን ደሴት አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ወድቃ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ በአብራሪው አስከሬን ላይ የአልኮልና የካናቢስ ምልክት ተገኘ። መርማሪዎች የአደጋው መንስኤ ይህ ነው ብለው ባይደመድሙም፣ ጉዳዩ በ2008 ለተጀመረው የዘፈቀደ ምርመራ መንገድ ጠርጓል። ሥርዓቱ በምርመራ የወደቀን ሠራተኛ ከሥራ አግዶ ወደ ሐኪም ይልካል፤ ችግሩን አስቀድሞ የሚናገረውንም ያበረታታል።

ቅጣትና ሕክምና የግድ አይጋጩም። በ1990 በአሜሪካ ሦስት የኖርዝዌስት አብራሪዎች ጠጥተው መንገደኞችን ወደ ሚኒያፖሊስ በማብረራቸው ታሰሩ። ዋና አብራሪው አሥራ ስድስት ወር ተፈርዶበት፣ ከሱሱ ታክሞ፣ ወደ ኮክፒት ተመልሷል፤ በ2001ም የፕሬዚዳንት ምሕረት አግኝቷል።

እንግዲህ ሕጉ ሊለየው የሚገባው የጠጣውንና ያልጠጣውን ብቻ አይደለም። ከበረራው በፊት «ዛሬ አልበርም» የሚለው አብራሪ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ዓቃቤ ሕግ ሊላክ አይገባም። ምርመራውን አታልሎ መሪውን የሚጨብጠው ግን የመንገደኞቹን ሕይወት አውቆ አስይዟልና፣ መቀጮ አይበቃውም። ሁለቱን በእኩል የሚያስፈራራ ሕግ የሚያተርፈው ዝምታን ነው፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።