የሩቅ አገር አዳኝና የእኛ ዋልያ

ኅዳር በገባ ቁጥር አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር በምናወራው ውስጥ አደን አይጠፋም። ወንዱ ነጭ ጅራት አጋዘን እንስቷን ሲከተል ጥንቃቄውን የሚረሳው በዚያ ወቅት ነውና አዳኙ ፈቃዱን ይዞ ጫካ ይገባል። ዛሪማ ተወልዶ ሚኒሶታ የሚኖር የእህቴ ልጅ ወደ ሌላ ግዛት ሄዶ ለማደን የሚሰናዳውን ሁሉ ካጫወተኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አገር ቤት ስመጣስ እንዲሁ ፈቃድ አውጥቼ ስሜን ላይ ማደን እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው በስልክ የሚያልቅ አልሆነልኝም።

የእሱን ዝግጅት ልናገር። ከጠመንጃው በፊት ወረቀቱ ይቀድማል። ከሌላ ግዛት የሚመጣ አዳኝ ነዋሪው ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ይጠየቃል። እንደ አዮዋ ባሉ ግዛቶች ፈቃዱ በዕጣ ስለሆነ ተራው እስኪደርስ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። የቀስቱና የጠመንጃው ወቅት ለየብቻ ነው። የጣለውን አጋዘን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ሥጋውን ጭኖ ሲመለስም ሌላ ጣጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየው፣ አጋዘኑን አክስቶ የሚገድለው የአንጎል በሽታ እንዳይዛመት ብዙ ግዛቶች የታደነ አጋዘን አንጎልና አከርካሪ ወደ ክልላቸው እንዳይገባ ከልክለዋል።

ይህ ጥብቅነት ከመከራ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ነጭ ጅራቱ አጋዘን ለገበያ እየተገደለ በመላው አሜሪካ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ ያለ ሕግ የተገደለ አውሬን ከግዛት ግዛት ማጓጓዝን ከለከለ። በ1937 ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተደነገገ። ዛሬ አጋዘኑ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል።

የእኛም አባቶች ርቀው ያድኑ ነበር። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ተነስቶ ቆላ ወርዶ ግዳይ የጣለ ሰው እየፎከረ ይገባል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ይዘፈንለታል። ያን ክብር አላቃልልም፤ እኔም በዚያ ፉከራ ያደግሁ ነኝ። ዋልያ ግን በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ ቤት የለውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ በየቤቱ ሲገባ፣ ለሥጋውና ለቆዳው እየተገደለ፣ ቀንዱም መጠጫ ዋንጫ እየሆነ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከ200 እንደማይበልጥ ተገምቶ ነበር። እሱን ለመጠበቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ። ለዚያ መውጣት ሰው ከፍሎበታል፤ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከ800 በላይ የነበረው ዋልያ፣ የሰሜኑ ጦርነትና ተከትሎት የመጣው ግጭት ጥበቃውን ካላላው ወዲህ ወደ 300 ገደማ አሽቆልቁሏል።

ስለዚህ መልሴ አይቻልም ነው። ማደን ካማረው በባሌና በአርሲ በኩል የደጋ አጋዘን በኮታ የሚታደንባቸው ቦታዎች አሉ፤ በሕጉ መሠረት ፈቃድ አውጥቶ፣ ከፍሎ ይሂድ። ስሜን ግን አይሆንም።

«ፓኪስታን እኮ የዱር ፍየሏን በአደን ነው ያዳነችው» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ማርኮር የተባለውን ባለጠመዝማዛ ቀንድ ፍየል ለዓመታት በዓመት 12 ብቻ ለውጭ አዳኝ እየፈቀዱ፣ ከክፍያው 80 በመቶውን ለተራራው ነዋሪ ሰጥተዋል፤ ነዋሪውም ጠባቂ ሆነ። ከዚህ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ 80 በመቶው ነው። 300 ነፍስ፣ ያውም በአንድ ተራራ ላይ ብቻ፣ ለጥይት የሚተርፍ ትርፍ የለውም። ተኩሱን ትተን ክፍፍሉን ብንወስድ ግን ዋልያውም ሰውም ይጠቀማሉ።

አሁን የቱሪስቱ ብር በአብዛኛው ደባርቅ ላይ ይቀራል። ስካውቱም፣ አስጎብኚውም፣ በቅሎ ጫኙም የሚቀጠረው እዚያ ነው። ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ ግርጌ ያለው ዛሪማ መኪና ሲያልፍ ያያል። ፍየሉን ይዞ ወደ ገደሉ የሚወጣው፣ ዋልያው የሚግጠውን ሣር የሚሻማው፣ ሌሊት የተኩስ ድምፅ ሲሰማም ማን እንደተኮሰ የሚያውቀው ግን የግርጌው ሰው ነው። የሚያውቀውን እንዲናገር ዋልያው በሕይወት በመኖሩ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን የእህቴ ልጅ የሚሄድበትን መስመር ነግሬዋለሁ። ደባርቅ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት ይዞ በሳንቃበር በኩል ጨነቅ ይውጣ፤ ዋልያ በቅርብ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ በመጣበት አይመለስ። ራስ ደጀንን ዞሮ በመካረብያና በሙሊት አድርጎ አዲ አርቃይ የሚወርድ የቆየ የእግር መንገድ አለ። ለማደሪያው፣ ለእንጀራው፣ ለበቅሎው በየመንደሩ ይክፈል፤ ለአዮዋ ፈቃድ የሚያወጣው ብር እዚያ መንገድ ላይ ብዙ ቤት ይደርሳል። ከፓርኩ ደግሞ የምጠይቀው አለኝ፦ ከመግቢያው ክፍያ ለግርጌው ቀበሌዎች የሚደርሰው ድርሻ በቁጥር ይወሰን፤ ተወስኖም ዛሪማ ገበያ ላይ በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ይነበብ።